ደኅና ነኝ

ልጅቷን ያገኛት አንድ ግድግዳ ለሳኝ ነው። ያላለቀ ህንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲሚንቶ ወደሚከመርበት ክፍል ሊገባ ሲል ከባዶ ከረጢቶች ስር የሴት ጫማ ብቅ ብሎ አየ። ደህና ጫማ ነው፣ ማን ጥሎት ሄደ ብሎ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ጫማው ባዶ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ ራሱም አያውቀውም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሰውዬው የአሸዋ ክምር ላይ ተቀምጦ እጁን በሱሪው ይጠርጋል። እጁ ላይ ምንም አልነበረበትም።

“ነክተሃታል?”

“ጫማዋን ብቻ።”

“ሌላስ?”

“ሌላማ ምን እነካለሁ ጌታዬ። የኔም ልጅ እንዲህ ያለ ጫማ አላት።”

ኢንስፔክተሩን በጣቢያው በረዶው ይሉታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ዘወር ሲል። ፊቱ ስለማይንቀሳቀስ ነው። አዲስ የገቡት ጭካኔ ይመስላቸዋል፣ የቆዩት ደግሞ ልምድ ነው ይላሉ። እሱ ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከሃያ ሁለት አመት ስራ በኋላ ሬሳ አጠገብ ሲንበረከክ የሚሰማው ነገር ቢኖር የጉልበቱ ህመም ነው፤ ይህን ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ሃያ አመት ቢሞላት ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ አረንጓዴ ሹራብ። አንገቷን ቀጭን የክር ምልክት ዞሮታል። የጆሮ ወርቋ አለ፣ ስልኳ የለም። ከጎኗ ባዶ የላስቲክ ማህደር ወድቋል።

“ሌባ አይደለም” አለች ሳጅኗ። ከእሱ ጋር ስትሰራ ሶስተኛ አመቷ ነው፤ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው። “ይኼ ላስቲክ ወረቀት ነበረበት። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ስራ ፈላጊ ነው። ማስረጃ፣ ፎቶ፣ ማመልከቻ። እኔም ሁለት አመት ይዤ ዞሬያለሁ።”

“ማን ናት?”

“ሮብ የገባ የመጥፋት ማመልከቻ አለን። የአስራ ዘጠኝ አመት ልጅ፣ ጥቁር ቀሚስና አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ይላል። የጠፋችው ባለፈው ቅዳሜ ነው።”

“እናቷን አስጠሪ” አለ፤ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

*

እናትየው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሰራው። ከስራ ላይ ስለወሰዷት እጇ እንደራሰ መጣች። የሬሳ ክፍሉ በር ላይ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

“ወንድሜ፣ ተሳስታችኋል። ልጄ ሩቅ ነው ያለችው። መልእክት ልካልኛለች።”

አንሶላው ሲገለጥ መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አልነበረም።

“ይኸው! ሚጡ አረንጓዴ ሹራብ የላትም። በቀይ ነው የወጣችው። እኔው ነኝ ያጠብኩት፣ እኔው ነኝ የተኮስኩት። ይቺ የሌላ ሰው ልጅ ናት።”

ኢንስፔክተሩ አልተከራከረም። እናቶች ሁሉ መጀመሪያ ልብሱን ይክዳሉ፤ አንዲት እናት ካልሲ ስትክድ አይቷል። ልብሱ የሷ ካልሆነ ልጅቷም የሷ አትሆንም። ስለዚህ ሴትዮዋ አይኗን ከሹራቡ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ፊቷ እስክታነሳ ዝም ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገችና፣ ትኩሳት እንደምትለካ ሁሉ እጇን ጣል አድርጋ፣ “ቀዝቅዛለች” አለች።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳን ሰጠችው። ማንበብ አትችልም፤ መልእክቱ ያለበትን ቦታ ግን ጣቷ ያውቀዋል። ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰአት ላይ የተላከ ነው።

እማዬ፣ ደኅና ነኝ። ሥራ አግኝቼ ሩቅ ሄጃለሁ። አታስቢ። በዓመቱ እመጣለሁ።

“ከዚህ በኋላ ስደውል ተዘግቷል ይላል” አለች። “ደህና ነኝ ካለች ምን አስጨነቀሽ ቢሉኝም አላስችል ብሎኝ ነው ሮብ እናንተ ጋ የመጣሁት።” እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። “ወንድሜ፣ ስልኩን አትውሰዱብኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይኼ ነው። የቀረኝ ይኼ ነው።”

“ቀድተን እንመልስልዎታለን” አለ። በልቡ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። እንዲህ ያለ መልእክት ከዚህ በፊት አንብቧል፤ የት እንደሆነ ለማስታወስ አልፈለገም።

*

መንገዱን የመራቸው ራሱ መልእክቱ ነው። ስራ አገኘሁ ካለች ስራ ሰጪ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የተያዘው ልጅቷ የምትቀርበው ሹፌር ነበር።

“ስራ ላስገባሽ ብለሃታል?”

“ብያታለሁ። ማንን ያላልኩት አለ? እኔ ራሴ የሰው መኪና ነው የምነዳው።”

“ቅዳሜ የት ነበርክ?”

“የአንድ ቀን መንገድ ርቄ። ሞተር ነክሶብኝ ሁለት ቀን ጋራዥ አደርኩ።”

“ማን ይመሰክርልሃል?”

“መካኒኩ። ሲሰድበኝ ነው የዋለው።”

መካኒኩ በስልክ ተጠየቀ፤ መስደቡን አመነ፣ ስድቡንም ለሳጅኗ ደገመላት። ሹፌሩ ሲለቀቅ ወደ በሩ አልሄደም። “ቀብሯ መቼ ነው?” ብሎ ጠየቀ፤ ማንም ስላልመለሰለት ወጣ።

ቀጥሎ የህንጻው ዘበኛ ነው። ቅዳሜ ከሰአት በሩን አልተለየሁም ብሎ አይኑን በጨው ታጥቦ ካደ። ሁለት ቀን ታሰረ። በመጨረሻ በሩን ጥሎ ሆስፒታል እህቱን ሲያስታምም እንደዋለ ነርሶቹ መሰከሩለት። የዋሸው ከስራ እንዳይባረር ነበር፤ ተባረረ።

የሹራቡን ነገር የፈታችው ጓደኛዋ፣ ፀጉር ሰሪዋ ናት። ቀዩ ሹራብ እሷ ዘንድ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ።

“ክርኑ ጋ ተተርትሮ ነበር” አለች የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች። “ስራ ልትጠይቂ እንዲህ ሆነሽ አትሄጂም ብዬ የኔን አረንጓዴ አለበስኳት። ቅዳሜ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ።”

“ይህን ለማን ተናገርሽ?”

“ለማን እናገራለሁ? እናቷን አይን አይኗን እንዴት ብዬ ልያት? የኔን ሹራብ ለብሳ ነው የሞተችው እኮ።”

ሳጅኗ ማስታወሻዋ ላይ የሹራቡን ነገር ጽፋ ሰረዘችበት፤ የተፈታ ጥያቄ እንዲህ ይሰረዛል። ያመለጣቸውን ግን ሁለቱም አላስተዋሉም።

*

የጣቢያው በር ላይ፣ ትልቅ ጥቁር ዣንጥላ ስር፣ ማመልከቻ ጸሀፊው ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ፤ ጽሁፍ አንብበው ስህተት መልቀም ነበር ስራቸው። ዛሬም አልተዋቸውም። የጣቢያው ሰሌዳ ላይ “የህዝብ አገልግሎት” የሚለው በሌላኛው ሕ ነው የሚጻፈው ብለው አራት አመት ለአዛዡ አቤት አሉ። ሰሚ ሲያጡ አንድ ጠዋት መሰላልና ቀለም ይዘው መጡና ራሳቸው አረሙት። ጣቢያው በሙሉ ሳቀ። “የፊደል ፖሊስ ቢቋቋም አዛዡ እሳቸው ናቸው” አለች ሳጅኗ። ሕ ግን እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀረች፤ በየቀኑ ከስሯ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

“ያቺ ልጅ ናት አሉ የተገኘችው?” ሲሉ ጠየቁት ኢንስፔክተሩን።

“ናት ጋሼ።”

“የእናቷን ማመልከቻ እኔ ነኝ የጻፍኩላት። ምስኪን።” ብዕራቸውን ከደኑ። “አንተስ? ፊትህ ጥሩ አይደለም። እንቅልፍ አጥተሃል።”

“ፊቴ ሁሌም እንዲሁ ነው።”

በዚያ ሳምንት ስለ እሱ ጤንነት የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ትንሽ ደስ አለው፤ ይህንን በኋላ ሲያስታውሰው ነው የዘገነነው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሳጅኗ መልእክቱን ወደ መዝገቡ እየቀዳች ነበር። ድንገት የኮምፒውተሩን የፊደል ገበታ ገፋ አደረገችው።

“ይቺ ልጅ አስጨረሰችኝ። ደህና የሚለውን በየትኛው ‘ህ’ እንደጻፈችው አዩ? ይቺ ባለ ጅራቷ ‘ኅ’ የት እንዳለች ለማግኘት ሩብ ሰአት ፈጀብኝ።”

“በተራው ‘ህ’ ጻፊው።”

“እንዳለ ቅጂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።”

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ከትከሻዋ በላይ አየ። ደኅና። ሥራ። ዓመት። አራት ነጥብ በየቦታው፣ ነጠላ ሰረዝ በየቦታው።

“ከዚያ በፊት የላከቻቸውን አሳዪኝ።”

ሳጅኗ ወደ ላይ ገፋችው። አርብ፦ ደና ነሽ እማ ሽንኩርት አለ አትግዢ። ሀሙስ፦ እማ አምሽቼ ነው ምመጣው። ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ደህና ራሷ “ህ” የላትም።

“በአንድ ቀን እንዲህ ተማረች?” አለች ሳጅኗ፤ ከዚያ አፏን ያዘች።

እሱ ወደ መዝገብ ቤት ወረደና ለማስታወስ ያልፈለገውን ማህደር አወጣ። የዛሬ አመት የጠፋች የሃያ አንድ አመት ልጅ፤ አመልካች ወንድሟ። ወንድምየው ያመጣው መልእክት ታትሞ ተያይዟል። ደኅና ነኝ። ሥራ አግኝቼ ሄጃለሁ። አትፈልጉኝ። ከስሩ የኢንስፔክተሩ የራሱ እጅ ጽሁፍ አለ፦ በራሷ ፍላጎት የሄደች ስለሆነ መዝገቡ ተዘግቷል። ቀን፣ ፊርማ። የጎረቤት ክፍል ማህደር ውስጥ ደግሞ ከአምስት ወር በፊት ከወንዝ የወጣች ሌላ ልጅ አለች፤ ያቺኛዋም በመልእክቷ ደኅና ነበረች፣ በዚያችው ባለ ጅራት “ኅ”።

ሶስት ማህደር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የመጀመሪያውን ባይዘጋው ኖሮ ሁለቱ አይሞቱም ነበር። ይህን ሲያስብ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ። አልተሰማውም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኖ ነበር ውስጡ።

“ሰው አሁን በዚህ ፊደል የት ይጽፋል?” አለች ሳጅኗ ከኋላው።

አዲሱ ማህደር ተገልጦ ነበር፤ ከላይ ያለው የእናትየው ማመልከቻ ነው። ሮብ የገባ፣ በእጅ የተጻፈ፣ አንዲት ስርዝ የሌለበት። “…ልጄ ሥራ ፍለጋ እንደ ወጣች ስላልተመለሰች፣ ደኅንነቷ እንዲጣራልኝ…” ይላል። አንዴ አነበበው። ሁለተኛ ሲያነበው አንድ መስመር ላይ ቆመ። በወጣችበት ዕለት ጥቁር ቀሚስና አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር።

ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። ዣንጥላው ተዘርግቷል፤ በላዩ ሰሌዳው፣ ሰሌዳው ላይ ሕ።

“ቅዳሜ ጋሼ ነበሩ?”

“ሁሌ አሉ እኮ” አለች ሳጅኗ። “ዣንጥላው—” ወደ መስኮቱ ዞረች።

እሱም ቢጠየቅ ይምል ነበር። ሲገባ ዣንጥላው አለ፣ ሲወጣ ዣንጥላው አለ። ከስሩ ሰው መኖሩን ካየ ግን ስንት ጊዜው ነው?

*

እናትየውን ማጠቢያ ቤቱ ጓሮ አገኛት። ሀዘን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም ብላ ወደ ስራ ተመልሳለች።

“ማመልከቻውን ሲያጽፉ ምን ለብሳ ነበር ብለው ጠየቁዎት?”

“አዎ። ሹራብና ጥቁር ቀሚስ አልኳቸው።”

“የሹራቡን ቀለም ነገሯቸው?”

“አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝማ ቀይ እላቸው ነበር።” እጇን በሽርጧ አደረቀች። “ጽፈው ሲጨርሱ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። ምን ነው?”

“ቅዳሜ መልእክቱን ማን ነው ያነበበልዎት?”

“እሳቸው ናቸው። እረፍት ስለነበርኩ የሚያነብልኝ አጣሁና ስልኬን ይዤ እዚያ ድረስ ሄድኩ። ገና ዣንጥላቸው ስር መቀመጣቸው ነበር። ድገሙልኝ ብላቸው ደገሙልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።”

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ይህ ታሪክ እስካሁን እሳቸው ሲል የቆየው በሰፈሩ ልማድ ነው። ከዚህ ወዲያ ሰውዬው እሱ ነው።

*

ኢንስፔክተሩ ዣንጥላው ስር፣ የደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሳጅኗና ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ጀርባ ቆመዋል።

“ጋሼ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ።”

“ላንተ? ምን ጠፋብህ?”

“ልጅ።”

ሰውዬው ሳቅ አለ። “አንተ ልጅ የለህም።”

“ግድ የለም፣ ይጻፉ። ቅዳሜ ከቤት የወጣች ልጅ ናት፤ አልተመለሰችም።”

ሰውዬው ወረቀቱን አስተካከለ፣ ብዕሩን ከፈተ። እጁ የለመደውን ከመስራት አልተቆጠበም። ሁለት መስመር ጻፈና ቀና ሳይል “ምን ለብሳ ነበር?” አለ።

“እናቷ ሹራብ ብቻ ነው ያለችዎት። አረንጓዴውን ከየት አመጡት?”

ብዕሩ ቆመ። ኢንስፔክተሩ የራሱን ምላስ ታዘበ፤ እዚህም ደርሶ “አንተ” ማለት አቅቶታል። ሰውዬው የጻፈውን ሁለት መስመር በአይኑ አረመ፣ ስህተት አላገኘበትም።

“ቀለም ያልተጻፈበት ማመልከቻ ጎዶሎ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

ቤቱ ሲፈተሽ አልጋው ስር የመዝገብ ማሰሪያ ነጭ ክርና የሶስት ልጆች የትምህርት ማስረጃ ተገኘ። ልጆቹ ስራ ለመጠየቂያ በገዛ እጃቸው የጻፉት ረቂቅም አለ፤ ፊደሉ ሁሉ በቀይ ብዕር ታርሟል። ማመልከቻ ሊያጽፉ ዣንጥላው ስር የመጡ ናቸው። ሰው የሚፈልግ መስሪያ ቤት አውቃለሁ፣ አዲስ ህንጻ ውስጥ ነው፣ ልውሰድሽ ይላቸው ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነው የሚሰራው፤ እንዴት ይጠራጠሩት?

ምርመራ ክፍል ውስጥ ለምን ተብሎ ተጠየቀ።

“ሥራ በየትኛው ‘ሠ’ እንደሚጻፍ አስረዳኋት” አለ። “ሳቀች። ሶስቱም ሳቁ።”

“እኛም ስቀናል” አለች ሳጅኗ።

“እናንተ ብትስቁም ሰሌዳው ታርሟል። እኔ ነኝ ያረምኩት።”

የመጀመሪያዋ ልጅ የት እንዳለች ካርታ ላይ አሳየ። ሳጅኗ የጻፈችውን ቃሉን እንዲፈርም ሲሰጡት ሶስት ገጽ አነበበና ብዕር ለማረሚያ ጠየቀ። ገና ከመጀመሪያው መስመር “ስራ” በተራዋ ‘ስ’ ነው የተጻፈችው።

“እንዲሁ ነው የሚፈረመው” አለ ኢንስፔክተሩ።

ሰውዬው “ስራ” የምትለዋን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ፈረመ።

*

ስልኩን ሊመልስ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ሲሄድ ሳጅኗ አብራው ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ብቻዬን ይሻላል አላት። መኪናው ውስጥ ሳለ መልእክቱ የልጇ እንዳልሆነ ለእናትየው ባይነግራትስ ብሎ አስቧል። መልእክቱ አስር ቃል ነው፤ ለአንዲት እናት ቢቀርላት ማን ይጎዳል? ግን አንድ ጊዜ ያንን መልእክት አምኖ መዝገብ ዘግቷል። ሁለተኛ አይዘጋም።

ነገራት። ስትሰማ ከፊቷ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ማጠቢያ ማሽኖቹ ከግድግዳው ወዲያ ይዞራሉ።

“ያነበበልኝም እሱ፣ የጻፈውም እሱ” አለች።

“አዎ።”

“በዓመቱ እመጣለሁ የሚለውንም?”

“አዎ።”

“ያጥፉልኝ።”

መዝገቡ ውስጥ ቅጂ ስላለ አጠፋው። ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብላ ባዶውን ቦታ አየችው።

“ታዲያ የሷ የቱ ነው?”

ኢንስፔክተሩ ጣቷን ያዘና አርብ ላይ አስቀመጠው። “ይኼ ነው። ‘ደና ነሽ እማ፣ ሽንኩርት አለ፣ አትግዢ።’”

“ይኼ ነው የመጨረሻው?”

“ይኼ ነው።”

“ማታ ቤት ስገባ ነው ያነበበችልኝ፣ እራሷ። ስልኩን ተቀብላኝ፣ ብዬሽ ነበር እኮ ብላ እየሳቀች።” ጣቷን ከፊደሎቹ ላይ አላነሳችም። “እኔ ግን ገዝቼ ገብቼ ነበር። የነበረውም የገዛሁትም ሽንኩርት አሁንም ቤት አለ።” ትንሽ ቆይታ፣ “እስቲ ይድገሙልኝ” አለች።

ኢንስፔክተሩ ሊደግመው ጀመረ። ደና ነሽ እማ፣ አለና ከዚያ ወዲያ ድምጹ አልወጣ አለው። ሴትዮዋ አልቸኮለችም፤ ዝም ብላ ጠበቀችው።